የኋላው ድምፅ፤ በደሴ መንገድ ስለ ተሽከርካሪ የድምፅ መሣሪያ ታሪክ

የመጽሔታችን አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ መኪና የድምፅ መሣሪያ ታሪክ አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቀኝ ጊዜ ጥያቄው ከቁም ነገር የራቀ መስሎኝ ነበር። ማኅበራችን የኃይል ማመንጫውን፣ የመገናኛ መሥመሩን፣ የሆስፒታሉን መሣሪያና የራዲዮ ማሠራጫውን የሚያገለግሉ ባለሞያዎች ስብስብ ነውና የመኪና ቴፕ ከእነዚህ ጎን ተሰልፎ ምን ይሠራል አልኩ። ነገር ግን በ2011 ዓ.ም. በወርኃ ጥር ጀውሃ ላይ የገጠመኝን ባስታወስኩ ጊዜ ሐሳቤን መለስኩ። አንድ ጎበዝ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ሁለት ደኅና ስፒከሮችን «ሞተዋል» ብሎ እንዲፈታ፣ አንድ ነጋዴም ሁለት ጊዜ ያለ አግባብ ገንዘብ እንዲከፍሉ ያደረጋቸው የመሣሪያ ብልሽት አልነበረም። እኛ ባለሞያዎቹ ለጋራዡ ሰው ያላደረስነው የአንድ ሐሳብ ጉዳይ ነበር።

ጀውሃ ከሸዋ ሮቢት አልፎ ወደ አጣዬ ሲኬድ በደሴ መንገድ ዳር የምትገኝ የይፋት ቆላ ከተማ ናት። ስሟን ወደ አዋሽ ተፋሰስ ከሚወርደው ከጀውሃ ወንዝ ጋር ትጋራለች። አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ በገበያ የሚገናኙበት አገር በመሆኑ፣ በመንገዱ የሚያልፈው የጭነት መኪናና አውቶቡስ ሙዚቃም በየቋንቋው ነው። እኔ ለቤተ ዘመድ ጉዳይ ሄጄ በነበረበት ሰሞን፣ አካባቢው ሁሉ ሐጂ እያለ የሚጠራቸው አንድ የማሾ ነጋዴ ከአዲስ አበባ ያገለገለ መኪና ገዝተው ነበር። በመኪናው ዳሽቦርድ ላይ ባለው መስኮት «ሰራውንድ» የሚል ምርጫ ይነበባል። የልጆቻቸውን አዳዲስ ዘፈኖች በፍላሽ ሲያጫውቱበት የኋላ ስፒከሮች ይናገራሉ። ሐጂ የሚወዱትን መንዙማ ሲያደርጉ ግን የኋላዎቹ ዝም ይላሉ። ከሸዋ ሮቢት የመጣው ኤሌክትሪሺያን የኋላዎቹን ስፒከሮች አንድ ጊዜ በሌላ ለወጣቸው፤ ነገሩ አልተለወጠም። ሁለተኛ ለወጣቸው፤ አሁንም ያው ሆነ።

«ጋሼ፣ በዘፈን ይሠራል፣ በመንዙማ ይሞታል። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም» አለኝ ልጁ። አነጋገሩ እንደ ቀልድ ቢሰማም በሙያው ሊያፍር ምንም ያህል አልቀረውም ነበር።

ሐጂ ደግሞ የተናገሩት ከዚያ ይበልጥ በልቤ ቀረ። «ይህ መንዙማ በአባቴ ቤት የተቀዳ ነው። አውጪው አባቴ ናቸው። እኔ ያን ጊዜ ልጅ ነኝ፤ ከኋላ ከወጣቶቹ ጋር ተቀምጬ እቀበል ነበር። ድምፁ ዙሪያውን ነበር እንጂ እንዲህ በአፍንጫዬ ፊት አልነበረም። ልጆቹ ይህ መኪና የኋላውን ድምፅ ያመጣል ቢሉኝ ነው ለዚህ ብዬ የገዛሁት።»

እንግዲህ «የኋላውን ድምፅ ማምጣት» የተባለው ነገር ከየት እንደ መጣና እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት ከመኪናው በፊት ከሰው ጆሮ መጀመር ያስፈልጋል። ሰው ሁለት ጆሮ እንጂ አራት ጆሮ የለውም፤ ሆኖም ድምፅ ከፊት፣ ከኋላ፣ ከቀኝ፣ ከግራ መምጣቱን ይለያል። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ሬይሊ እ.ኤ.አ. በ1907 እንዳስረዳው፣ ከጎን የሚመጣ ድምፅ ወደ ቅርቡ ጆሮ ቀድሞ ይደርሳል፤ ቀጭን ድምፅ ከሆነም ጭንቅላት ስለሚጋርደው በሩቁ ጆሮ ደከም ብሎ ይሰማል። በሁለቱ ጆሮዎች መካከል ያለው የጊዜ ልዩነት ቢበዛ ከአንድ ሚሊ ሰኮንድ ሁለት ሦስተኛ አይበልጥም። አእምሮ ይህችን ታህል ሽርፍራፊ ጊዜ ይዞ ቦታን ይሠራል። ጀርመናዊው ሄልሙት ሃስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1949 ባቀረበው የዶክትሬት ጥናት፣ አንድ ዓይነት ድምፅ ከሁለት አቅጣጫ በጥቂት ሚሊ ሰኮንድ ልዩነት ሲመጣ ጆሮ አቅጣጫውን ቀድሞ ለደረሰው እንደሚሰጥ አሳየ። የዘገየው በመጠኑ ከፍ ብሎ ቢሰማም እንኳ የቀደመው ያሸንፋል። ከዚህ የምንረዳው ዙሪያ ድምፅ በመጀመሪያ ደረጃ የስፒከር ቁጥር ሳይሆን የጊዜ ጉዳይ መሆኑን ነው። በእኛ መንገድ ላይ የሆነው ግን ቁጥሩ ጊዜን በብዙ ዓመት ቀድሞ መድረሱ ነው።

የመኪና ራዲዮ በአሜሪካ ለገበያ በሰፊው የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1930 የጋልቪን ወንድማማቾች ሞቶሮላ ያሉትን ራዲዮ ባወጡ ጊዜ ሲሆን፣ በአውሮጳ ብላውፑንክት በ1932 ተከተለ። የዚያ ዘመን ራዲዮ በቫልቭ የሚሠራ ስለ ነበረ፣ የባትሪውን አነስተኛ ቮልቴጅ ወደ ከፍተኛ ለማድረስ ዘወትር የሚንጫጫ ነዛሪ መቀያየሪያ ያስፈልገው ነበር። በአገራችን ራዲዮ ጣቢያ በ1927 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ በጣሊያን ወረራ ምክንያት ተቋረጠ፤ ከ1933 ዓ.ም. በኋላ እንደገና ሲቋቋም፣ ራዲዮ ለመግዛት ዐቅም ያልነበረው ሕዝብ በአደባባይ በተተከለ ድምፅ ማጉያ ሥር ቆሞ ያዳምጥ ነበር። ድምፁ ከአንድ አፍ ይወጣል፤ ዙሪያውን የሚከበው ሰሚው ነው። ይህ ሥርዓት በኋላ ወደ አውቶቡስ ሲገባም አልተለወጠም።

የደሴ መንገድ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የጣርማ በርን ተራራ በዋሻ በስተው የሠሩት መንገድ ነው። ከደብረ ብርሃን ደጋ ተነሥቶ በጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለፈ በኋላ በደብረ ሲናና በአርማንያ በኩል ቁልቁል ወርዶ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይገባል። በ1955 ዓ.ም. የወንጌል ድምፅ ጣቢያ በአዲስ አበባ ሲከፈትና የብሔራዊው ራዲዮ ማሠራጫዎችም ሲጠነክሩ፣ መካከለኛው ሞገድ ከተራራ ጀርባ እንኳ በመጠኑ ይደርስ ስለ ነበር ሾፌሩ ዜናውን እያዳመጠ ይወርድ ነበር። ኤፍ.ኤም. ግን ዕድሜ ልኩን የሚሄደው እንደ ዓይን ነው፤ ተራራ ከጋረደው ቀረ። በየአካባቢው የኤፍ.ኤም. ማሠራጫ ከመተከሉ በፊት፣ የአዲስ አበባው ጣቢያ ከዋሻው ወዲያ የሚሰጠው የአሸዋ ድምፅ ብቻ ነበር። ስለዚህ የይፋት ቆላ ሙዚቃ የራዲዮ ሳይሆን የካሴት ሙዚቃ ሆነ።

ካሴትን ፊሊፕስ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው ሸክላ ለመኪና የሚሆን አልነበረም፤ ክራይስለር በ1956 ሞዴሎቹ ላይ የሸክላ ማጫወቻ በመኪና ውስጥ ገጥሞ ሞክሮ ነበር፣ አልቆየም። በአገራችን አቶ አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. በግል የሸክላ ኅትመት ሲጀምሩ፣ ከእርሳቸውም በኋላ አሊ ታንጎ በመባል የሚታወቁት አቶ አሊ አብደላ ካይፋ ሲቀጥሉ፣ ሸክላው የቤትና የቡና ቤት ነገር ነበር። በ1960ዎቹ ማገባደጃ ሸክላ ቦታውን ለካሴት ሲለቅ ግን ሙዚቃው መንገድ ወጣ። ለዘፋኙም ለአሳታሚውም ከሱቁ የማይተናነስ ማስታወቂያ አውቶቡሱና የጭነት መኪናው ሆነ። ከዚህ ጋር ብዙም ያልተጻፈለት ሌላ ነገር ተከተለ፤ የመቅጃ ቴፕ የያዘ ሁሉ ቀጂ ሆነ። የሰርግ ዘፈን፣ የለቅሶ ግጥም፣ የሐድራ መንዙማ በየመንደሩ በካሴት ገባ። የሐጂ አባት ድምፅም የተረፈው በዚህ መንገድ ነው።

የካሴት ማጫወቻን በእነዚያ መኪኖች ውስጥ መግጠም ራሱን የቻለ ሙያ ነበር። ኤንትሬ እየተባለ የሚጠራው ፊያትና ሌሎቹም ከባድ መኪናዎች በ24 ቮልት የሚሠሩ ሲሆኑ ቴፑ 12 ቮልት ነበር። ኤሌክትሪሲስቱ ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንደኛው ብቻ ሽቦ ይስብለታል። ቴፑ ይዘፍናል፤ ነገር ግን ያ አንዱ ባትሪ ሁልጊዜ ይጎድላል፣ ሌላው ደግሞ ከመጠን በላይ ይሞላል፤ ጥቂት ወራት ሳይቆይ ሁለቱም ይበላሻሉ። ሾፌሩ ባትሪ ሻጩን ይረግማል። እኔ ራሴ በወጣትነቴ በዚህ ዓይነት ሽቦ ስቤ፣ የመኪናው ባለቤት ባትሪው ደካማ ነው ሲል ሰምቼ ዝም ያልኩበት ቀን አለ።

ቀጥሎ የመጣው የቁጥር ዘመን ነው። በዳሽቦርዱ ሁለት፣ ከኋላ መስኮት ሥር ሁለት፣ በአውቶቡስ ጣሪያ ግራና ቀኝ ደግሞ ስምንትና ዐሥር ስፒከር ይደረደር ጀመር። ሁሉም አንድ ዓይነት ድምፅ ይናገራሉ። ይህን «ሰራውንድ» ብሎ መሸጥ የተለመደ ሆነ። ከዚህ የባሰም አይቻለሁ። አንድ ስፒከር ቅጥያውና ቅናሹ ተገልብጦ ሲገጠም፣ አንደኛው ሲገፋ ሌላው ስለሚስብ ወፍራሙ ድምፅ እርስ በርሱ ይጣፋል፣ የዘፋኙም ድምፅ ቦታውን ስቶ በጭንቅላት ዙሪያ ይንሳፈፋል። ደንበኛው «እንዴት ያለ ሰራውንድ ነው!» ብሎ ደስ ብሎት ይሄዳል፤ ከሳምንት በኋላ «ቤዙ ጠፋ» ብሎ ይመለሳል። አንዲት የ1.5 ቮልት ድንጋይ በስፒከሩ ጫፎች ላይ ነካ አድርጎ ወረቀቱ ወደ ውጭ ወጣ ወይስ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ማየት ይህን ችግር በአንድ ደቂቃ ይፈታዋል። ይሁንና በዚህ ስሕተት ውስጥ የእውነተኛው ዙሪያ ድምፅ ፍሬ ነገር ተደብቆ ይገኛል።

ያን ፍሬ ነገር ያገኘው አለን ብሉምላይን የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነው። ከባለቤቱ ጋር ሲኒማ ገብቶ ተዋናዩ ወደ አንድ ወገን ሲሄድ ድምፁ ግን እዚያው ስለ ቀረ ተናድዶ እንደ ነበር ይነገርለታል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1931 ባስገባው የፈጠራ ማመልከቻ ዛሬ ስቴሪዮ የምንለውን ነገር ከመቅጃው እስከ ማሰሚያው ዘረዘረ፤ በ1942 የራዳር መሣሪያ ሲፈትሽ በአውሮፕላን አደጋ በ38 ዓመቱ ሞተ። ብሉምላይን ካስተዋላቸው ነገሮች ለእኛ የሚጠቅመው ይህ ነው፤ የግራና የቀኝ ምልክቶች ሊደመሩም ሊቀናነሱም ይችላሉ። ድምሩ ሁለቱ የሚስማሙበት ነው፤ የዘፋኙ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ይገኛል። ልዩነቱ ሁለቱ የማይስማሙበት ነው፤ የአዳራሹ ማስተጋባት፣ የጭብጨባው ስፋት፣ የጎኑ መሣሪያ እዚያ ነው ያለው። እ.ኤ.አ. በ1961 አሜሪካ የፈቀደችው የስቴሪዮ ኤፍ.ኤም. ሥርጭትም በዚሁ ስሌት የቆመ ነው፤ ድምሩን ለአንድ ስፒከሩ ራዲዮ በግልጽ፣ ልዩነቱን ለስቴሪዮው ራዲዮ በስውር ያስተላልፋል።

በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አራት ስፒከርና አራት መሥመር ያለው ኳድራፎኒክ የተባለው ሥርዓት ወጥቶ ነበር፤ ለመኪናም ተሠርቷል። ኩባንያዎቹ በአንድ መለኪያ ሳይስማሙ ስለ ቀሩ ወደቀ። በዚያው ዘመን አሜሪካዊው ዴቪድ ሃፍለር ያለ ምንም ተጨማሪ መሣሪያ በአንድ ሽቦ ብቻ የሚሠራ ዘዴ አሳየ። የኋላውን ስፒከር በግራውና በቀኙ አምፕሊፋየር ቅጥያዎች መካከል ማገናኘት ነው። እንዲህ የተገናኘ ስፒከር ሁለቱ የሚስማሙበትን አይሰማም፤ ልዩነቱን ብቻ ይናገራል። ጋራዥ ውስጥ በአምስት ደቂቃ የሚሠራ ነገር ነው፤ አምፕሊፋየሩ የጭነት መቀነሱን የሚችል መሆኑን አስቀድሞ ማረጋገጥ ግን ግድ ነው። ዶልቢ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ለሲኒማ ያቀረበው ሥርዓትም በሁለት መሥመር ውስጥ አራት ድምፅ፣ ማለትም ግራ፣ መካከል፣ ቀኝና ኋላ፣ አጣጥፎ የሚያስገባ ነበር። በማሰሚያው ጊዜ የሚስማማው ወደ መካከል፣ በተቃራኒ የሚሄደው ወደ ኋላ ይለያል። ይህ በ1987 ተሻሽሎ ለቤት መጣ፤ በ2000 ደግሞ ጂም ፎስጌት የተባለ ሰው እንደገና አሻሻለው። ፎስጌት በ1973 በአሪዞና የመኪና አምፕሊፋየር በመሥራት የተነሣ ሰው ነበርና የሲኒማው ጥበብ ወደ መኪና ሲገባ መንገዱን የሚያውቅ ሰው ነበረው ማለት ይቻላል። ከሁለት መሥመር የማይወጣጣ፣ እያንዳንዱ ስፒከር የራሱን መሥመር የሚያገኝበት ሥርዓት ከፋብሪካ ተገጥሞ የመጣው ለ2004 ሞዴል በወጣው አኩራ ቲ.ኤል. ነው፤ ከዚያ በኋላም የጣሪያ ስፒከር የታከለባቸው መኪናዎች ታይተዋል።

መኪና ለዚህ ሁሉ አስቸጋሪ ክፍል ነው። በቤት ውስጥ ሰሚው በሁለት ስፒከሮች መካከል ይቀመጣል፤ በመኪና ግን ሾፌሩ በአንዱ ጥግ ነው። ከግራው በር ስፒከር 70 ሳንቲ ሜትር፣ ከቀኙ 140 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ የ70 ሳንቲ ሜትሩ ልዩነት 2 ሚሊ ሰኮንድ ያህል ነው። ይህች በቂ ናት፤ በሃስ ሕግ መሠረት ድምፁ ሁሉ ወደ ግራው በር ይጎተታል። የዛሬው መሣሪያ ቅርቡን ስፒከር ሆን ብሎ በ2 ሚሊ ሰኮንድ ያዘገየዋል፤ የኋላዎቹንም ከዐሥር እስከ ሃያ ሚሊ ሰኮንድ ያህል ሊያዘገያቸው ይችላል። በዚህ ጊዜ የፊቱ ድምፅ ቀድሞ ስለሚደርስ ዘፋኙ ፊት ለፊት ይቆማል፤ የኋላው ቦታን ብቻ ያሰፋል። (የድምፅ ፍጥነት በሙቀት እንደሚለወጥ የምናውቅ ባለሞያዎች፣ በጣርማ በር ብርድ በ10 ዲግሪ በሰኮንድ ወደ 337 ሜትር የሚሄደው ድምፅ በጀውሃ 35 ዲግሪ ወደ 352 ሜትር እንደሚደርስ ስናስብ ማስተካከያው ይፋለስ ይሆን ብለን እንጠይቅ ይሆናል። በ70 ሳንቲ ሜትር ላይ ልዩነቱ ከሚሊ ሰኮንድ ዐሥረኛ ያነሰ ነው፤ ሐጂን የሚያሳስባቸው ነገር አይደለም።) መስተዋቱ ቀጭኑን ድምፅ ይመልሳል፣ መቀመጫው ይውጠዋል። ወፍራሙ ድምፅ ደግሞ ሞገዱ ከመኪናው ርዝመት ይበልጣል፤ የ60 ኸርትዝ ሞገድ 6 ሜትር ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። ስለዚህ በውስጡ እየተመላለሰ ከመሄድ ይልቅ የታሸገውን አየር እንደ ወናፍ ይገፋዋል። አንድ ሰብዉፈር ለመኪናው ሁሉ የሚበቃውም፣ የት እንደ ተቀመጠ ጆሮ የማይለየውም ስለዚህ ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚደረገው ለአንድ መቀመጫ መሆኑን ልብ ይሏል። በ12 ሜትር አውቶቡስ ከፊት የሚነሣ ድምፅ ኋላ ለመድረስ 34 ሚሊ ሰኮንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ ለሁሉም ተሳፋሪ በአንድ ጊዜ ትክክል የሚሆን ዙሪያ ድምፅ በዚያ ውስጥ የለም። ብዙ ትንንሽ ስፒከሮችን በዝቅተኛ ድምፅ ማሠራት ይቻላል፤ በደሴ መንገድ ግን የተመረጠው ጥቂቱን አብዝቶ ማስጮህ ነው። በተለመደው የሥራ ጤና መለኪያ 85 ዴሲቤል ለስምንት ሰዓት፣ 94 ዴሲቤል ለአንድ ሰዓት፣ 100 ዴሲቤል ደግሞ ለሩብ ሰዓት ብቻ ነው ለጆሮ ሳያሠጋ የሚቆየው። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ የቀን መንገድ ነው። ከስፒከሩ ሥር የተቀመጠው ረዳት ይህን መንገድ ዓመቱን ሙሉ ይመላለሳል። ከጣርማ በር ቁልቁለት በመታጠፊያው ወዲያ ያለው የጭነት መኪና ክላክስ ሲያሰማ፣ ሾፌሩ ሊሰማው የሚገባው እውነተኛ «ዙሪያ ድምፅ» እርሱ ነው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት ደርሶ መንገዱ ከተዘጋና እንደገና ከተከፈተ በኋላ በዚያ ሳልፍ፣ ሾፌራችን ከደብረ ሲና እስከ ካራ ቆሬ ቴፑን አጥፍቶ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ነበር የነዳው። ማንም ተሳፋሪ ሙዚቃ አልጠየቀም።

ወደ ጀውሃው መኪና ልመለስ። የሐጂን መንዙማ በኮምፒውተሬ ላይ አድርጌ ግራውን ከቀኙ ቀነስኩ። የቀረው ዜሮ ሊባል ጥቂት የጎደለው ነገር ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ የተቀዳው በአንድ ማይክሮፎን፣ በአንድ መሥመር መቅጃ ነው። የካሴት ባለ አንድ መሥመር መቅጃ ራስ የስቴሪዮውን ሁለት ትራኮች ስፋት በአንድነት ስለሚሸፍን፣ በኋላ በስቴሪዮ ሲጫወት ግራውም ቀኙም አንድ ናቸው። ልዩነት ከሌለ የኋላው ስፒከር የሚናገረው የለውም። መሣሪያው አልተበላሸም፤ እንዲያውም ትክክለኛ መልስ ነበር የሰጠው።

ሆኖም ከኋላ ፈጽሞ ዝም አላለም። ቀረብ ብለው ሲያዳምጡ «ሰ» እና «ሸ» የሚሉት ፊደላት ብቻ እንደ ሹክሹክታ ከኋላ ይወጣሉ። ኤሌክትሪሺያኑን «ስፒከሩ ተቀዷል» ያሰኘው ይህ ነው። ይህም ከካሴቱ የመጣ ነው። ካሴቱን ወደ ፍላሽ የገለበጠው ሰው የተጠቀመበት ማጫወቻ ራሱ ዘንበል ያለ ነበር። የካሴት ክር በሰኮንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሚሄድ፣ ራሱ ግማሽ ዲግሪ ቢዘም የሁለቱ ትራኮች ጊዜ ይዛነፍና 3,000 ኸርትዝ ላይ ያለው ድምፅ በግራና በቀኝ ተቃራኒ ይሆናል። ለመሣሪያው ተቃራኒ ማለት የኋላ ማለት ነው። ከዋናው ካሴት ላይ፣ የማጫወቻውን ራስ ብሎን «ሰ»ዋ ጥርት እስክትል በቀስታ አዙሬ እንደገና ስገለብጠው ሹክሹክታው ጠፋ። የኋላው አሁን ፍጹም ዝም አለ፤ የሐጂ አባት ድምፅ ግን ከቀድሞው ይልቅ ጠራ።

ይህን ሁሉ ለሐጂ ማስረዳት ከባድ ነበር። በሐድራ ጊዜ አውጪው በአንድ ወገን፣ ድቤው በአጠገቡ፣ ተቀባዮቹ ዙሪያውን ይቀመጣሉ፤ ያ ክበብ ሲቀዳ በአንዲት ማይክሮፎን ቀዳዳ ገብቶ ነጥብ ሆነ። ነጥብን ወደ ክበብ የሚመልስ ስሌት የለም። ዛሬ በኮምፒውተር ድምፅን እየከፋፈሉ ሐሰተኛ ማስተጋባት ጨምረው ዙሪያ የሚያስመስሉ ዘዴዎች አሉ፤ እኔም በትንሹ ሞክሬ አሰማኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው አዳመጡና «ይህ ዋሻ ነው፤ የአባቴ ቤት አይደለም» አሉ። ትክክል ነበሩ። አጠፋሁት።

በ2012 ዓ.ም. ለመውሊድ ጀውሃ ስመለስ ሁለት አቻ ማይክሮፎኖችና አንዲት ትንሽ መቅጃ ይዤ ሄድኩ። አሁን አውጪው ሐጂ ራሳቸው ናቸው። ሁለቱን ማይክሮፎኖች በአንድ ሜትር ርቀት፣ ከእርሳቸው እኩል አድርጌ ፊት ለፊታቸው አቆምኩ። የእርሳቸው ድምፅ ለሁለቱም በአንድ ጊዜ ስለሚደርስ ወደ ድምሩ ይገባል፤ በግራና በቀኝ፣ በጀርባም የተቀመጡት ተቀባዮች ድምፅ ግን ለአንዱ ቀድሞ ለሌላው ዘግይቶ ይደርሳልና ልዩነት ይተዋል። ከዚህ የበለጠ ብልሃት አልተጠቀምኩም። ቅጂው የስቱዲዮ ቅጂ አይደለም፤ ሳልም ሲኒም ይሰማበታል።

በማግስቱ ጠዋት መኪናው ውስጥ ተቀምጠን አጫወትነው። የሐጂ ድምፅ ከዳሽቦርዱ መካከል መጣ። ተቀባዮቹ ሲመልሱ ሐጂ ወደ ኋላ ዞሩ፤ ከኋላ መቀመጫ ላይ ከኤሌክትሪሺያኑ በቀር ሰው አልነበረም። «ይህ ቀጭኑ የወንድሜ ልጅ ነው፤ በስተቀኝ በኩል ነበር የተቀመጠው» አሉ። በስተቀኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ አንድም ነገር ሳይናገሩ እስከ ወንዙ ድልድይ ነዱ። ኤሌክትሪሺያኑ «ሞተዋል» ብሎ የፈታቸውን ሁለት ስፒከሮች ሱቁ ውስጥ በካርቶን አስቀምጧቸው ነበር፤ በዚያው ሳምንት በአንድ ሚኒባስ ላይ ገጠማቸው፤ ለሐጂም ገንዘባቸውን መለሰላቸው።